ኳሱን ይዩ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት

ስለ እግር ኳስና ስለ ጤና ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ተጫዋቹ ነው። ስለ ጉልበት ጉዳት፣ ስለ ማሟሟቂያ፣ ከልምምድ በኋላ ስለሚጠጣው ውኃ ይወራል። ሜዳ ላይ ያሉት ግን 22 ሰዎች ናቸው። እነሱን ለማየት በየከተማው አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጠው ሕዝብ እጅግ ይበልጣል፤ ስለ እሱ ጤና የሚናገር ግን እምብዛም አይሰማም። እርስዎም ከነዚህ አንዱ ከሆኑ የዛሬው ጽሑፍ ስለ እርስዎ ነው።

ከመካነ ሰላም እስከ ማሻ፣ ከወግዲ እስከ ከላላ ባለው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚኖር አንባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ሲባል ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ረጅም ክፍል ነው። ከፊት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ከኋላ እስከ ግድግዳው ድረስ አግዳሚ ተደርድሯል። በሩ ላይ የመግቢያ ሒሳብ የሚቀበል ልጅ ቆሟል። መስኮቱ በመጋረጃ ወይም በካርቶን ተሸፍኗል። ለምን እንደተሸፈነ ባለቤቱን ቢጠይቁት ሁለት ምክንያት ይሰጥዎታል፤ አንደኛው ብርሃን ገብቶ ምስሉን እንዳያደበዝዘው፣ ሁለተኛው ያልከፈለ ሰው ከውጭ ቆሞ እንዳያይ። ማታ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት ይጨመራል፤ ብርዱ።

እኔ ኳስ ቤት ይዘጋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። «ቤትህ ተቀምጠህ እይ» የሚለው ምክርም ብዙ አያስኬድም። ቤቱ ዲሽ የሌለው፣ ቢኖረውም የወር ክፍያውን የማይችል ብዙ ነው። ከዚያም በላይ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለምስሉ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሱቁ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ብቻውን የዋለ ሰው ማታ ከሰው ጋር ይስቃል፣ ይከራከራል፣ ይተርባል። በወሎ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ አግዳሚ ተቀምጦ አርሴናልና ማንቸስተር ተብሎ እንጂ በሌላ በምንም አይከፈልም። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመታት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ በየከተማው የነበረውን መተቃቀፍ ያየ ሰው፣ አብሮ ማየት ለሰው መንፈስ ምን እንደሚያደርግ ማስረጃ አይፈልግም። ብቸኝነት በራሱ ጤና እንደሚጎዳ ዛሬ የጤናው ዓለም ተቀብሎታል። ስለዚህ ይሂዱ። ጥያቄዬ ስለ ክፍሉ ነው።

አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱ 2 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ የሚያይ ሰው 4 ሰዓት በአንድ ክፍል ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው የሚተነፍሰው አንድ ዓይነት አየር ነው፤ አንዱ ያስወጣውን ሌላው ያስገባዋል። ከመካከላቸው አንድ ሰው በሕክምና ላይ ያልሆነ የሳንባ ነቀርሳ ካለበት፣ ሲያስል ብቻ ሳይሆን ሲናገርም ሲጮህም ተህዋሲውን የያዙ እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ከአፉ ይወጣሉ። እነዚህ ጠብታዎች መሬት ላይ ወዲያው አይወድቁም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት በአየር ላይ ተንሳፈው ይቆያሉ። ሰው ሲጮህ ደግሞ ቀስ ብሎ ከሚያወራበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ጠብታ ይረጫል። ጎል ሲገባ ደግሞ ሁሉም በአንድነት ይጮሃል፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት ትንፋሹን በረጅሙ ይስባል።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በሽታው የድሮ በሽታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ «በልጅነቴ ተከትቤያለሁ» የሚልም አለ። ሲወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በዋናነት ሕፃናትን ከከባድ የበሽታው ዓይነቶች ይጠብቃል፤ አዋቂን ከሳንባ ነቀርሳ የመከላከል አቅሙ ግን ዝቅተኛ ነው። በሌላ በኩል ተህዋሲው የገባበት ሁሉ አይታመምም፤ የአብዛኛው ሰው አካል ይዞ ያቆየዋል። የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ የደከመ ነው፤ ኤች አይ ቪ ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ በደንብ የማይመገብ፣ አብዝቶ የሚጠጣ፣ የሚያጨስ። አንድ ጊዜ ገብቶ በመውጣትም በሽታው በቀላሉ አይያዝም፤ ደጋግሞ፣ ለረጅም ሰዓት፣ በተዘጋ ቤት አብሮ መቀመጥ ነው አደጋውን የሚያበዛው። የውድድር ዘመኑን ሙሉ በየሳምንቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ዓይነት ጓደኞች ጋር ለሚቀመጥ ደጋፊ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ነጻ ነው። መስኮት መክፈት። በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን ትይዩ በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ክፍት ቦታ ሲኖር አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ብርዱስ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም፤ ምክንያቱም በአገራችን ስለ ብርድ ያለን እምነት መስኮቱን ከዘጋው ካርቶን ይልቅ የጠነከረ ነው። አውቶቡስ ውስጥ 60 ሰው ታጭቆ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ አንዱ እያስመለሰው፣ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ሳንባ ምች ሲይዘን ብርድ መታን እንላለን፤ ጉንፋን ሲይዘንም ያው ነው። ቃሉ ራሱ ፈርዷል፤ ጥፋተኛው ንፋሱ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሳንባ ነቀርሳም፣ ጉንፋንም፣ ኮቪድም የሚመጡት ከሰው ትንፋሽ ነው እንጂ ከተራራው አይደለም። በውርጭ ወራት ጉንፋን የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ራሱ ብርዱን ፈርተን በር ዘግተን መታጨቃችን ነው። አስም ያለበት ሰው ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅስበት እንደሚችል እውነት ነው፤ እሱ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን፣ ከመስኮቱም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሌላው ግን ለብርድ መልሱን ከአያቶቹ ወርሶታል። ጋቢ አለ፤ ቡልኮ አለ። ገላን በጋቢ ማሞቅ ይቻላል፤ የሌላውን ትንፋሽ ግን ጋቢ አያጣራውም።

ብርዱ ከበረታ ደግሞ ሌላ ልማድ ይከተላል፤ ከሰል ማስገባት። ብዙ ቤት ውስጥ ቡናም ስለሚፈላ ማንደጃው ከምሽት ጀምሮ አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ፣ በተለይ ጨዋታው መሀል ላይ ሲጠፋ፣ ጄኔሬተር ይነሳል። ጄኔሬተሩ እንዳይሰረቅ ወይም ዝናብ እንዳይነካው ተብሎ በኮሪደር ወይም በጓሮ በር ሥር ይቀመጣል። ከሰሉም ጄኔሬተሩም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱም ቢሆን የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ነዋሪው ቢለምደውም፣ ካለችው ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው መጠባበቂያ ትንሽ ነው።

የመመረዙ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ናቸው። ኳስ ቤት ውስጥ እነዚህ ሲመጡ ሰው ምን ይላል? «ጩኸቱ ነው»፣ «ድራፍቱ ነው»፣ «ሽንፈቱ ነው» ይላል። ከእርስዎ ጋር የተቀመጡት ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሴን አመመኝ ካሉ ሽንፈቱ አይደለም። ሁሉም ወዲያው ይውጣ፤ በሩ ይከፈት፤ ራሱን የሳተ ካለ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጄኔሬተር ሁልጊዜ ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ መቀመጥ አለበት። የከሰሉ ጭስ ውጭ እስኪያልቅ ጠብቆ ማስገባት ብዙዎቻችን የምናምንበት ዘዴ ነው፤ የሚታየው ጭስ ቢያልቅም ፍሙ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከደጋፊው ይልቅ የምትታየኝ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ናት። ደጋፊው የሚወደው ቡድን ሲጫወት ይመጣል፤ እሷ ግን ሁሉም ቡድን ሲጫወት እዚያው ናት። ከማንደጃው አጠገብ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ የሁሉም ሰው ትንፋሽና ሲጋራ የሚደርሳትም እሷን ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ማንኛውም የቤት ውስጥ ቦታ ማጨስን ይከለክላል። ይህ ሕግ በኳስ ቤት በር ላይ አይቆምም። የቤቱ ባለቤት ከሆኑ ይህን ማስከበር ግዴታዎ ነው፤ ደንበኛ ከሆኑ «ወንድሜ፣ ውጭ አጭሰህ ና» ማለት መብትዎ ነው። ለባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ያልከፈለ ሰው እንዳያይ መስኮቱን በካርቶን ከመድፈን ይልቅ ከሰው ቁመት በላይ፣ ጣሪያው ሥር ክፍተት ማስወጣት ይቻላል፤ አየር ያልፋል፣ ዓይን አያልፍም። ቀን ቀን ደግሞ ቤቱን ወለል አድርገው ከፍተው ፀሐይ ያስገቡበት። የፀሐይ ብርሃን የሳንባ ነቀርሳን ተህዋሲ ይገድላል።

2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ክብደቱ የሚቀንስ ወዳጅ ካለዎት ስለ ቀጣዩ ጨዋታ ከመቅጠርዎ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሌላው የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ከወንበሩ ማባረር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ዋናው የምሽት ጨዋታ መስከረም ላይ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። አውሮፓውያን በጥቅምት አጋማሽ ግድም ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን ለእኛ 5 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ልብ ይበሉ፤ ጨዋታው የሚመሽባቸው ወራት ደጋው በውርጭ የሚመታባቸው ወራት ናቸው። መስኮቱ ይበልጥ የሚዘጋውም፣ ከሰሉ የሚገባውም ያኔ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በጭማሪ ሰዓትና በፍጹም ቅጣት ምት የሚለይ ከሆነ ከ7 ሰዓት ተኩል ያልፋል።

ይህ ሰዓት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ወጥመድ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ማታ የሚውጡ ሰዎች «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብለው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕሙማን ጉዳይ ነው። ማታ ተወግቶ፣ እራቱን ሳይበላ ወይም ጎርሶ ብቻ ወደ ጨዋታ የሚሮጥ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ የደሙ ስኳር ሊወርድበት ይችላል። ምልክቶቹን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ መነጫነጭ፣ የማይያያዝ ንግግር። ቡድኑ 1 ለ 0 እየተመራ ባለ ደጋፊ ላይ እነዚህን ምልክቶች ያየ ጎረቤት ምን ይጠረጥራል? ምንም። ይስቅበታል። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በደንብ ይብሉ፤ ከረሜላ ወይም ስኳር በኪስዎ ይያዙ፤ አጠገብዎ ለሚቀመጠው ጓደኛዎም «እንዲህ ስሆን ካየኸኝ ስኳር ስጠኝ» ብለው ይንገሩት። ማፈር አያስፈልግም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ነው የሚወሰደው።

ልብስ? ኳስ ማየት ልብ ያቆማል የሚባለው ቀልድ ብቻ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ በጀርመን ሲካሄድ በሙኒክና አካባቢዋ የተደረገ ጥናት፣ የጀርመን ቡድን በሚጫወትባቸው ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ከሌላው ጊዜ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ እንደጨመረ አሳይቷል፤ በወንዶች ላይ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ከፍተኛው መጠን የታየው ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ነው። እንግሊዝ በ1998 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና በፍጹም ቅጣት ምት ስትሸነፍ በዕለቱና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት በልብ ድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል የገቡት ሰዎች ቁጥር በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ዋንጫውን ባነሳችበት ዕለት ግን በፈረንሳይ ወንዶች ላይ በዚህ ሕመም የሚደርሰው ሞት ቀንሶ ተገኝቷል። በሁሉም አገር የተገኘው ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የጤነኛ ሰው ልብ በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት አይቆምም። የሚጎዳው ቀድሞም የታመመው፣ አንዳንዴም መታመሙን ያላወቀው ነው። ደም ግፊት ደግሞ ሳያሳምም የሚኖር በሽታ ስለሆነ፣ ከ30 ዓመት በላይ ከሆኑና በቅርቡ ካልተለኩ በሚቀጥለው ሳምንት ጎራ ብለው ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራም እንዲሁ። በነዚህ ላይ የፍጹም ቅጣት ምት ውጥረት ሲጨመር፣ ከዚያም በላይ በጨዋታው ላይ የወር ደመወዝ የተወራረደ ሰው ሲሆን፣ ልቡ ላይ የሚወርደውን ጫና መገመት አያዳግትም። ስለ ውርርድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ለዛሬ ይህን ብቻ ልበል፤ ገንዘብ ያስያዘበትን ጨዋታ የሚያይ ሰው ኳስ እያየ አይደለም፤ እየተዝናናም አይደለም። የአልኮል መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት መሸጥ ከላይ በጠቀስኩት አዋጅ የተከለከለ ነው። ከሚበላው ሁሉ የማመሰግነው ቆሎውን ነው፤ ጨው ካልበዛበት ከዚያ የተሻለ የኳስ ቤት ምግብ አላውቅም።

በጨዋታ መሀል ደረቱን እንደ ድንጋይ የተጫነው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሄደበት፣ ቀዝቃዛ ላብ ያላበው ሰው ካለ «እስኪያልቅ ልጠብቅ» አይባልም። ፊቱ የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ፣ ምላሱ የተሳሰረ ሰውም እንዲሁ። ወድቆ የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ ሰዉ ይበተን፤ አንድ ጠንካራ ሰው በደረቱ መሀል ላይ በሁለት እጁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሰጥም፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫነው፤ ሲደክመው ሌላው ይተካው። የሚቀርበው ጤና ተቋምና የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር በጉልህ ተጽፎ ከቴሌቪዥኑ ጎን ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ነውና።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተኛ ሾፌር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መኪናውን ሊያስነሳ ይነሳል። የተኛው ቢበዛ 4 ሰዓት ነው። ከፊቱ ያለው መንገድ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው ጠመዝማዛ፣ ወይም ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኑን ለሦስት ሴኮንድ ቢከድን መኪናው በዚያ ጊዜ ብዙ አሥር ሜትር ሄዷል። ተሳፋሪ ሆነው ገና መኪናው ሳይነሳ ከሾፌሩ ጋር ጨዋታ ቢጀምሩ አይከፋም፤ ትናንት ማታ ማን አሸነፈ ብለው ይጠይቁት። «ሰዎች ነገሩኝ» ካለዎት በሰላም ይሳፈሩ። በጭማሪው ሰዓት የገባችውን ጎል በዓይኑ እንዳየ አድርጎ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ሳይቀር ከተረከልዎት ግን፣ ረዳቱን ጠርተው ሻንጣዎን ያስወርዱና ቀጣዩን መኪና ይጠብቁ።